ውኃው ሁለት ክንድ ይርቅ ነበር

ወንዱን ልጄን አዲስ አበባ፣ ሴቷን እዚህ አሜሪካ ቨርጂኒያ ወለድኩ። ሁለቱንም አጥብቻለሁ። ስለዚህ እዚህ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «የአገር ቤት አራስ የታደለች ናት፣ እዚህ ማን አለ?» የሚለው ወሬ ሲነሣ ግማሹን እቀበላለሁ፤ ግማሹ ግን አይዋጥልኝም።

የምቀበለውን ላስቀድም። ሴቷ በተወለደች በአራተኛው ሌሊት ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ነበር። ትልቁ ልጅ ተኝቷል፣ እኔ ሕፃኗን ጡት አስይዤ ሶፋ ላይ ተቀምጫለሁ። ወተት መውረድ ሲጀምር ድንገት የሚመጣውን ጥም ያጠባች ታውቀዋለች። የውኃው ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። ብነሣ ጡቱን ትለቃለች፣ ከለቀቀች ደግሞ መልሶ ማስያዝ የግማሽ ሰዓት ትግል ነው። አርባ ደቂቃ ያንን ብርጭቆ እያየሁ ተቀመጥኩ። ኢንሹራንስ የከፈለልኝ የኤሌክትሪክ ወተት ማለቢያ ከነካርቶኑ አጠገቤ ነበር። ውኃ ግን አያቀብልም።

አዲስ አበባ አራስ ቤት ሳለሁ ውኃ ስጡኝ ብዬ አላውቅም። ልጁ ጡት ከመያዙ አክስቴ አጥሚቱን ይዛ ትደርሳለች። ሌሊት ከአልጋው አንሥታ የምታቀብለኝ፣ ሲጠግብ ትከሻዋ ላይ አድርጋ የምታስገሳው እርሷ ነበረች። የእኔ ድርሻ ማጥባትና መተኛት ብቻ። አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ በመካከል ወጥ የምትሠራ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ ሴት ይህን እንዴት ትዝለቀው? ጡት የሚሞላው በተጠባው ልክ ነው። ደክሟት አንድ ሁለቴ በጡጦ ያለፈች እናት በሳምንቱ «ወተቴ ቀነሰ» ብትል እውነቷን ነው።

የማይዋጥልኝ ደግሞ ይህ ነው። ያችው አክስቴ በመጀመሪያው ቀን እንገሩን ጨርቅ ላይ አልቤ እንድጥለው ፈልጋ ነበር። «ቢጫ ነው፣ ሆዱን ያመዋል» አለች። አዋላጇ እንገር የሕፃን የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ብላኝ ስለነበር እምቢ አልኩ፤ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ማልቀስ ሲያበዛ ጠያቂው ሁሉ ፈራጅ ሆነ። አንዷ «ወተቷ ቀጭን ነው»፣ ሌላዋ «ስኳር በውኃ ይቅመስ» ስትል ሦስተኛዋ የዱቄት ወተት እንዲገዛ ልጅ ልካለች። ጡቴ ቆስሎ ደም ሲወጣው የተሰጠኝ ምክር «ቻይው፣ ይለመዳል» ነበር። ሦስት ሳምንት ጥርሴን ነክሼ አጠባሁ። ጡት ማጥባት ሕመም ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ቨርጂኒያ ላይ የጡት ማጥባት አማካሪዋ ከቦርሳዋ በክር የተሠራ ጡት ስታወጣ ሳቄ መጣ። እናቴ ስድስት ልጅ ያሳደገችበትን ነገር በአሻንጉሊት ልማር? ተማርኩ። የሕፃኗ አፍንጫ ከጡቱ ጫፍ ትይዩ ይሁን፣ አፏን እንደ ማዛጋት እስክትከፍት ጠብቂ፣ ከዚያ ጡቱን ወደ እርሷ ሳይሆን እርሷን ወደ ጡቱ አምጪ። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩንም ትያዝ፣ አገጯ ጡቱን ይንካ። ካመመሽ አያያዙ ተበላሽቷል፤ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂያትና እንደገና ጀምሪ። ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ጠፋ።

አንድ ወረቀትም ሰጠችኝ፤ የረጠበ ዳይፐር መቁጠሪያ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ ከረጠበ፣ በሁለት ሳምንት አካባቢም የተወለደችበትን ክብደት ከመለሰች ወተቱ በቅቷታል ማለት ነው። እኩለ ሌሊት ስታለቅስ ወረቀቱን አየሁ፤ ሰባት ምልክት። መልሼ ጡት ሰጠኋት። አዲስ አበባ በተሰበሰበው ሰው መካከል ዳይፐር የቆጠረ አልነበረም።

የሥራው ነገር ሌላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለወለደች ሴት የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ ያውም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት ለሠራች። የቤት ኪራይ ያለ ደመወዝ አይከፈልምና በስድስተኛው ሳምንት ተመለስኩ። የእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ይህን ለአሜሪካውያን ባልደረቦቼ ስነግራቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል።

ይሁንና አዲስ አበባ ወደ ቢሮ ስመለስ ወተቴን የማልበው መዝገብ ቤት ውስጥ፣ በሩን በጀርባዬ ደግፌ ነበር። ፋይል የሚፈልግ ሰው ይገፋል፣ እኔም እገፋለሁ። ቨርጂኒያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ የፌዴራል ሕግ አለ፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለማለብ ጊዜና መጸዳጃ ቤት ያልሆነ ዝግ ክፍል ያስገድዳል። አለቃዬ አንዲት ቃል ሳይናገር ቁልፍ ሰጠኝ። ወንበር፣ ሶኬት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። አዲስ አበባ ብሆን ኖሮ ግን በስድስተኛው ሳምንት ያቺ ክፍል አታስፈልገኝም ነበር፤ ልጄ ጡቴ ላይ ነበረች።

አበሻ ጠያቂ እዚህም አላጣሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፣ ሕፃኗን ተቀባብለው ያቅፋሉ፣ ከተኛችበት ይቀሰቅሷታል፣ ፎቶ ይነሣሉ። እኔም በአራስ ወገቤ ቡና አቀርባለሁ፤ ባህላችን ነው፣ ምን ይደረጋል።

ከሁሉ አንዲት የማላውቃት ሴት ትዝ ትለኛለች፤ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ሚስት ናት። ከሥራ ወደ ሥራ ስታልፍ ሃያ ደቂቃ ነበራት። ጫማዋን አውልቃ በቀጥታ ማድ ቤት ገባች፤ የተከመሩትን የማለቢያ ዕቃዎች አንድ በአንድ በሙቅ ውኃ አጥባ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደረች። ከዚያ ትልቅ ጆግ ውኃ ሞልታ፣ ጠረጴዛውን ወደ ሶፋው ጎትታ እጄ ሥር አስቀመጠችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ወጣች። ሕፃኗን ላሳይሽ ስላት «ተዪያት፣ ትተኛ» ነበር መልሷ።