ባለቤቶቹ ሲታረቁ የሚጠፋው ዜና

አል-ዓረብ የተባለው የዜና ጣቢያ ከባሕሬን ዋና ከተማ ከማናማ ስርጭት የጀመረው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ የሳዑዲው ቢሊየነር የልዑል አልወሊድ ቢን ጣላል፣ ኃላፊው ደግሞ ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ ነበር። ገና በመክፈቻው የባሕሬን ተቃዋሚ ፖለቲከኛ በእንግድነት ቀረበ። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ስርጭቱ ተቋረጠ። «ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ ምክንያት» ተባለ፤ ጣቢያውም በዚያው ቀረ።

በዓረቡ ዓለም የጣቢያ ባለቤትነት በአክሲዮን ሰነድ ላይ በሰፈረው ስም አያልቅም ማለት ነው። ልዑልም ሁን ቢሊየነር፣ ጣቢያህ የቆመበት ወይም የራስህ አገር ገዥ «በቃ» ካለ በቃ ነው። የሳዑዲው የቴሌቪዥን ኩባንያ የኤምቢሲ መሥራች ወሊድ አል-ኢብራሂምም ይህን ቀምሰውታል። የሳዑዲው ንጉሥ ፋህድ የሚስት ወንድም ናቸው፤ ኤምቢሲን በ1991 ለንደን ላይ አቋቋሙ፣ በ2003 የኢራቅ ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ደግሞ አል-ዓረቢያ የተባለውን የዜና ጣቢያ ከዱባይ አስጀመሩ። በኖቬምበር 2017 ሪያድ በሚገኘው ሪትዝ ካርልተን ሆቴል በመንግሥት ትእዛዝ ከታገቱት ባለሀብቶች መካከል እሳቸውም ልዑል አልወሊድም ነበሩበት። አል-ኢብራሂም በጃንዋሪ ተለቀቁ፤ የኩባንያው አብላጫ ድርሻ ግን ወደ መንግሥት እጅ ገባ። «የግል ጣቢያ» የሚለው አጠራር ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንባቢ ይፍረድ።

አልጀዚራ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ይልቅ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ከኳታር መንግሥት እንደሚመጣ ማንም አይደብቀውም። በ1995 አባታቸውን ከሥልጣን ያነሡት አሚር ሐመድ ቢን ኸሊፋ 500 ሚሊዮን ሪያል መድበው በ1996 አስጀመሩት። ሠራተኞቹ የተገኙበት መንገድም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ቢቢሲ ኦርቢት ከተባለ የሳዑዲ ኩባንያ ጋር በሽርክና የዓረብኛ ቴሌቪዥን ከፍቶ ነበር፤ ሳዑዲን የሚነካ ፕሮግራም ሲመጣ ኦርቢት ከሽርክናው ወጣ፣ ጣቢያውም በ1996 ተዘጋ። ከሥራ የወጡት ጋዜጠኞች ብዙዎቹ ወደ ዶሃ ሄዱ። የዓረብኛ ቴሌቪዥን ዜናን የለወጠው ጣቢያ የተወለደው አንድ ባለገንዘብ በከለከለው፣ ሌላ ባለገንዘብ በፈቀደው ነገር ነው።

የእኔ ክርክርም እዚህ ላይ ነው። ስለ ዓረብኛ ጣቢያዎች ወገንተኝነት ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ ዘጋቢው ነው፤ ሐማስን ደገፈ፣ ኢራንን ጠላ፣ የሙስሊም ወንድማማቾችን አቀፈ ይላል። ዘጋቢው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ይሠራል፣ ሲሠራም ይሞታል። ጣሪቅ አዩብ በ2003 ባግዳድ ውስጥ የአሜሪካ ጥቃት የአልጀዚራን ቢሮ ሲመታ ተገደለ፤ የዚያው ጣቢያ ዘጋቢ ሺሪን አቡ አቅላ በ2022 ዌስት ባንክ ውስጥ ጄኒን ላይ ተገደለች። ወገንተኝነቱ የሚታየው እነሱ በሄዱበት ቦታ ሳይሆን ማንም ባልተላከበት ቦታ ነው። በ2011 አልጀዚራ የካይሮን ታሕሪር አደባባይ ሌት ተቀን ለዓለም አሳየ። የሳዑዲ ወታደሮች በማርች አጋማሽ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘውን ድልድይ ተሻግረው ተቃውሞ ወደተነሣባት ባሕሬን ሲገቡ ግን የዓረብኛው ጣቢያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኳታርም የዚያው የባሕረ ሰላጤ ኅብረት አባል ናት።

እንግዲህ ተመልካቹ ነፃ ጣቢያ ኖሮት አያውቅም። የነበሩት የተጣሉ ጌቶች ናቸው፤ ያገኘው እውነትም የእነሱ ጠብ ትርፍ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስ፣ ባሕሬንና ግብፅ በጁን 2017 ኳታርን በእገዳ ከበው ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ አልጀዚራ ይዘጋ የሚል ነበር። በዚያ የጠብ ዘመን ኻሾግጂ ኦክቶበር 2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የሳዑዲ ቆንስላ ሲገደል አልጀዚራ ነገሩን ቀን ከሌት ይዞት ከረመ። ያ ሥራ ትልቅ ጋዜጠኝነት ነበር፤ ዶሃና ሪያድ በፍቅር ላይ ቢሆኑስ ያን ያህል ይሠራ ነበር? አይመስለኝም። ከዚያ በፊትም ሁለቱ በ2007 እና 2008 ሲታረቁ አልጀዚራ ስለ ሳዑዲ ያለው ድምፅ መለዘቡን ብዙዎች ታዝበዋል። በጃንዋሪ 2021 በሳዑዲዋ አል-ዑላ ከተማ በአራቱ አገሮችና በኳታር መካከል እርቅ ሲወርድ ለአካባቢው ሰላም ደስ ብሎኛል። ለዜናው ግን ሠግቻለሁ።

ሱዳን ላይ ጠቡ ሌላ መልክ ይዟል። በኤፕሪል 2024 የሱዳን መንግሥት አል-ዓረቢያን፣ እህቱን አል-ሐደስንና መቀመጫው አቡ ዳቢ የሆነውን ስካይ ኒውስ ዓረቢያን አገደ። ሙያዊ ግዴታቸውን አልጠበቁም፣ ፈቃዳቸውንም አላደሱም አለ። የጦሩ መንግሥት ኤምሬትስን ከጦሩ ጋር የሚዋጋውን ፈጥኖ ደራሹን ኃይል ታስታጥቃለች ብሎ ይከሳል፤ ኤምሬትስ ትክዳለች። እገዳውን አልደግፍም፤ ጣቢያ መዝጋት ጦርነቱን ጨለማ ውስጥ ከመክተት በቀር ለሱዳናዊው የሚጨምርለት የለም። የካርቱምን ውሎ ከስካይ ኒውስ ዓረቢያ የሚሰማ ሰው ግን የጣቢያው ባለቤት የየትኛው አገር እንደሆነ ቢያውቅ አይጎዳም።

እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። ኢትዮጵያ በኤፕሪል 2008 ከኳታር ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነቷን ስታቋርጥ ዋናው ምክንያት ለኤርትራ ትሰጣለች የተባለው ድጋፍ ቢሆንም፣ አልጀዚራ ስለ ኦጋዴን ያቀረበው ዘገባም የቅሬታው አካል ነበር። ግንኙነቱ እስከ 2012 አልታደሰም። በሕዳሴ ግድቡ ክርክርም ከካይሮ የሚሰሙት ድምፆች ብዙ ይመስላሉ፤ ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች ግን ከአገሪቱ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ጋር ትስስር እንዳለው በሚነገርለት በአንድ ኩባንያ ሥር የተሰበሰቡ ናቸው። አሥር ጣቢያ አንድ ነገር ሲል «የግብፅ ሕዝብ እንዲህ አለ» ብለን መተርጎማችን ራሳችንን ማታለል ነው።

ደግሞም ለዓመታት አል-ዐይንን በአማርኛ አንብበናል፤ መቀመጫው አቡ ዳቢ ነው። ጥሩ ጥሩ ዘገባ አለው፣ አማርኛውም ከብዙዎቻችን ጣቢያ የተሻለ የሆነበት ጊዜ አለ። «አልጀዚራ እንደዘገበው»፣ «አል-ዐይን እንደዘገበው» እያልን በየቀኑ ስናነብ ግን ባለቤቱን ጠቅሰን አናውቅም። «በኳታር መንግሥት የሚደገፈው» ለማለት የሚፈጀው ሦስት ቃል ነው።

የጌቶቹ ጠብ ለእኛ የማይጠቅምበት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት፣ በየቤቱ የሚሠሩት እህቶቻችን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ሲሻገሩ የሚሞቱት ወጣቶች። ሂውማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ሲል ያወጣው ሪፖርት ኦገስት 2023 ላይ ነው፤ ከአል-ዑላው እርቅ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ። ከባሕረ ሰላጤ መንግሥታት መካከል የኢትዮጵያና የኬንያ የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ቢነሣ የሚያተርፍ የለም፤ ሁሉም አሠሪ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ የዓረብኛ ጣቢያ ይሠራልናል ብለን ከምንጠብቅ የራሳችን ጋዜጠኞች ጅዳ፣ ቤይሩትና ዱባይ ድረስ የሚሄዱበትን የጉዞ ወጪ ማን ይክፈል ብለን ብንከራከር ይሻላል። ያን ጊዜ የከፋዩን ስም ማወቅ የእኛም ጥያቄ ይሆናል።