ቴርሞስታቱን ማን ነካው?

አሜሪካ ባለ ሐበሻ ቤት አዛዡ ማን እንደሆነ ለማወቅ ቴርሞስታቱን ማን እንደሚነካው ማየት ይበቃል። የሪሞት ጦርነት ድሮ ቀርቷል፤ አሁን ሁሉም የየራሱን ስልክ ይዞ ተቀምጧል። ብርዱ ሲገባ የቤቱ ፖለቲካ በሙሉ ሳሎን ግድግዳ ላይ ወዳለችው የቤቱን ሙቀት የምትቆጣጠር ትንሽ ሳጥን ይዞራል። አባወራው ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ መጀመሪያ እሷን ያያል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል።

«ቴርሞስታቱን ማን ነካው?»

ማንም አልነካውም። ሐበሻ ቤት ውስጥ ቴርሞስታት ከ68 ወደ 76 ዲግሪ ፋራናይት የሚወጣው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ዕቃው የተፈለሰፈው ሰው እየዞረ እንዳይለካ ነበር። ዋረን ጆንሰን የዊስኮንሲን መምህር ነበር። እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ሠራተኛ ክፍል ለክፍል እየዞረ ሙቀቱን ያያል፤ ከዚያ ምድር ቤት ወርዶ ያስተካክላል። በየመሀሉ ትምህርት ይቋረጣል። ጆንሰን ይሄ ሰለቸውና እ.ኤ.አ. በ1883 የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት ፓተንት አወጣ። ሠራተኛው ተገላገለ። ዛሬ ግን ያንን ክፍት የሥራ ቦታ የኛ አባወራ ይዞታል። እኩለ ሌሊት ላይ በካልሲ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ይዞራል። ደሞዝ የለውም።

ፕሮግራም የሚደረገው ቴርሞስታት ሲመጣ ጭቅጭቁ ያበቃል ተብሎ ነበር። ሳጥኗ የምትጠይቀው አራት ነገር ነው። ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ? ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ? ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ? መልሱን ከነገራችኋት ቤት ስትሆኑ 68 ላይ ትይዝላችኋለች፤ ስትወጡና ስትተኙ ዝቅ ታደርገዋለች። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በቀን ለ8 ሰዓት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ያወረደ ሰው ከዓመቱ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪው እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ ይችላል ይላል። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

እስቲ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ አንድ ቤተሰብ አቅርቡ። አባት ታክሲ ይነዳል፤ ሥራ ባለበት ሰዓት ይወጣል፤ ሲደክመው ይገባል። እናት ነርሲንግ ሆም ናይት ሺፍት ናት፤ ሌላው ሲነሳ እሷ ትተኛለች። ስንት ሰዓት ትመለሳላችሁ ለሚለው ደግሞ መልሳችን አንድ ነው፦ «ለቅሶ ደርሰን መጣን።» ይህን የሰማ ኮምፒውተር ምን ብሎ ይመዝግብ? ለቅሶ ቤት ሄዶ ሰዓቱን የሚያውቅ ማን አለ?

ከሁሉም በላይ እማማ አሉ። ከአዲስ አበባ መጥተዋል። እሳቸው የትም አይወጡም፤ ወዴት ይወጣሉ? ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳጥኗ «ሁሉም ወጥቷል» ብላ ሙቀቱን ወደ 60 ስታወርደው እማማ ሶፋው ላይ ናቸው። ማታ የልጅ ልጃቸው ሊያስረዳቸው ይቀመጣል።

«እማማ፣ ነገ 6 ሰዓት ላይ ራሱ ይሞቃል።»

«እስከ 6 ሰዓት! ምሳ እስኪደርስ በብርድ ልለቅ?»

«በአሜሪካ ሰዓት ነው፣ እማማ። ጠዋት።»

«እሺ፣ ስንት ላይ ነው ያደረግከው?»

«68።»

እማማ ዝም ብለው ሳጥኗን አዩዋት። «68 ዲግሪ? አፋርም እንዲህ አይሞቅ። ታዲያ እኔን ለምንድነው የሚበርደኝ?»

በእኛ ሲቆጠር 20 ዲግሪ መሆኑን ለማስረዳት ሂሳብ ያስፈልጋል። ልጁ ተነስቶ 74 አደረገው፤ ከሂሳቡ ይሄ ይቀላል።

እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣ አብዛኛው ቤቷ ማሞቂያ የለውም። የኅዳርን ማለዳ ያሳለፍነው በጋቢ ነው። ያው ሰው አሜሪካ ገብቶ በባዶ እግሩና በቲሸርት ሆኖ 72 ላይ «ብርድ ገደለኝ» ይላል። ነፋስን እንደሆነ ድሮም እንፈራለን። በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1977 ሹራብ ለብሰው ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ቀን 65፣ ሌሊት 55 አድርጉ ብለው ሕዝቡን ለምነው ነበር። በአንድ ሹራብ! ሰውዬው አራት ድርብ ጋቢ ቢያውቁ ኖሮ 50 ይሉ ነበር።

ደግሞ የፍጥነት ጉዳይ አለ። ሲበርደን ቶሎ እንዲሞቅ ብለን 85 እናደርገዋለን። ሰው ሳጥኗ የምድጃ ማብሪያ ትመስለዋለች፤ ብዙ ባዞርናት ቁጥር እሳቱ የሚጨምር። በተለመደው ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ ምድጃ) ቁጥሩ የሚወስነው የት እንደሚቆም ብቻ ነው፤ 70ም አልን 85 አወጣጡ ያው ነው። ሂት ፓምፕ (ከውጪ አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ቤት ደግሞ ይብሳል። በአንድ ጊዜ ብዙ ዲግሪ ከፍ ካደረጋችሁት ፓምፑ ብቻዬን አልችልም ብሎ ተጨማሪውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠራል። ሳጥኗ ላይ «ኦክስ» (AUX፣ ተጨማሪ) የምትል ጽሑፍ ትበራለች። ኦክስ የምትበራው ፀጥ ብላ ነው፤ የምትጮኸው በወሩ መጨረሻ ቢል ላይ ነው።

ቡናውም አለ። እማማ ባሉበት በዚያ ቤት ረከቦቱ የተዘረጋው እዚያው ሳጥኗ ሥር ነው። እማማ ኤሌክትሪክ ምድጃውን ይለኩሳሉ፤ ቡናው ይቆላል፤ ጀበናው ይጣዳል። ትኩሱ አየር ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ቴርሞስታት የሚያውቀው አጠገቡ ያለውን አየር ብቻ ነው። ስለዚህ «78 ደርሰናል፣ ተመስገን» ብሎ ማሞቂያውን ያጠፋል። ፎቅ ላይ ልጆቹ ጃኬት ለብሰው የቤት ሥራ ይሠራሉ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ማሞቂያው አይነሳም።

በመጨረሻ ሁሉም ቤት የሚደርሰው «ሆልድ» የምትለው ቁልፍ ጋ ነው። ሆልድ ከተጫነች ፕሮግራም የለም፤ አንድ ቁጥር ላይ ተገትሮ ይከርማል። ይሄ የኛ ብቻ ድክመት እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለእነዚህ ቴርሞስታቶች ይሰጥ የነበረውን የኢነርጂ ስታር (የኃይል ቆጣቢ ዕቃ) ምልክት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ አንስቶታል። ዕቃው አይሠራም ብሎ አይደለም፤ ሰው እንደታሰበው ስላልተጠቀመበት የተባለው ቁጠባ አልታይ ብሎ ነው።

ቁጠባ የሚያውቅ አንድ ፍጡር ቢኖር የቤዝመንት አከራይ ነው። አዲስ አበባ «ካውያ አትተኩሱ፣ ምጣድ አትሰኩ» ይል የነበረው ሰውዬ ቪዛ ደርሶት መጥቷል። ሳጥኗ ፎቅ ላይ እሱ ጋ ናት፤ በፒን ተቆልፋለች። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ እሱ በካናቴራ ነው፣ ተከራዩ በኮፍያ። ተከራዩ ሲደውል «እኛ ጋ እንኳን ይሞቃል» ይባላል። እውነቱን ነው።

እንግዳ ሲመጣ ግን ሕግ ሁሉ ይሻራል። «ቤታችሁ ቀዝቀዝ አለ» መባል ከስድብ አይተናነስም። የቤቱ እመቤት እንግዳው ኮት ሳያወልቅ 78 ታደርገዋለች። ባልየው እጁን ለመታጠብ የተነሳ መስሎ በዚያ በኩል ያልፍና 70 ያደርገዋል። እሷ እንጀራ ልታመጣ ተነስታ 78። ሲመሽ ወሬው ወደ ቢል ይዞራል። አንዱ 300 ዶላር መጣብኝ ይላል፤ ሌላው 340። ጥግ የተቀመጠው ልጅ የኔ 70 ዶላር ነው ሲል ማንም አላመነውም። ስልኩን አውጥቶ አሳየ። ላጤ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣል፣ ማታ 12 ሰዓት ይገባል፣ አራቱንም ጥያቄ ሳያቅማማ ይመልሳል።

እናቱ በሚቀጥለው ወር ይመጣሉ አሉ።