የቅርጫ ደብተራችሁ ላይ ማን ቀርቷል?

ወገኖቼ የሀዋሳ ሰዎች፣ ሕማማት ላይ ነን። ሰው ሲገናኝ አይሳሳምም፣ ይሁዳ ጌታን በመሳም ነው አሳልፎ የሰጠው ብለን፣ ከአባቶች የተቀበልነው ነው ጥሩ። ግን እስቲ እውነቱን እናውራ፣ ስንቶቻችን ነን ከጎረቤት ጋ ዓመቱን ሙሉ ሕማማት ላይ ያለነው? ሰላምታ የለ ቡና የለ፣ በር ላይ ስንተላለፍ ስልክ እንደሚያይ ሰው አንገታችንን ደፍተን። አርብ ደግሞ ገብርኤል ሄደን ነጠላ አደግድገን ላብ እስኪያጠምቀን እንሰግዳለን፣ ቅዳሜ ቄጤማ ራሳችን ላይ እናስራለን፣ እሁድ በሬ ይወድቃል፣ አለቀ። በቃ ትንሣኤ ያልነው ይሄን ነው።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው ምዕራፍ 15 ላይ ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በዓል በመጣ ቁጥር በፎቶ እንላላከዋለን። ወረድ ብላችሁ ቁጥር 32ን አንብቡት እስቲ። ሙታን የማይነሡ ከሆነ "ነገ እንሞታለንና እንብላና እንጠጣ" ነው የሚለው። ልብ በሉ፣ እንብላ እንጠጣ የትንሣኤ የለም ባዩ ሰው ኑሮ ነው! እኛ ደግሞ ትንሣኤ አለ ብለን በራሱ በትንሣኤው ቀን ያንኑ እናደርገዋለን። ሥጋ አትብሉ አላልኩም፣ 55 ቀን የጾመ ሰው ዶሮውን ይብላ፣ እኔም እበላለሁ (የባለቤቴን ዶሮ ወጥ የቀመሰ ያውቀዋል)። ግን በሬው ላይ ብቻ ከቀረን በምን ተለየን?

በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ላይ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን እንላለን። ሙታን ይነሣሉ ማለት እኮ ያ በአጥር የተካሰሳችሁት ሰውዬም ይነሣል ማለት ነው፣ እናንተም ትነሣላችሁ፣ ከዛስ እዛም ስልክ እያያችሁ ልታልፉት ነው?

ጌታ ሲነሣ የችንካሩ ምልክት እጁ ላይ ነበር፣ ቶማስ ያየው እሱን ነው። ቁስሉን እንደያዘ መጥቶ፣ ጥለውት ለሸሹት ሰዎች መጀመሪያ ያላቸው ሰላም ለእናንተ ይሁን ነው፣ የት ነበራችሁ እንኳ አላለም።

ደግሞ እኛ ሐይቅ ዳር ያለን ሰዎች ዮሐንስ 21 ሊገባን ይገባ ነበር። ጾሙን ሙሉ ዓሣ ይበላል አይበላም እያልን ስንጨቃጨቅ ከረምን፣ ጌታ ግን ከተነሣ በኋላ ጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አያይዞ ዓሣ ጠብሶ ነው የጠበቃቸው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት የሄደ ሰው ይሄን ሥዕል ያውቀዋል፣ ሌሊቱን ሲደክም አድሮ ጀልባ የሚጎትት ሰው፣ ጭስ፣ የቆሮሶ ዓሣ ሽታ። ሌሊቱን ምንም አልያዙም ነበር፣ በቃሉ መረቡን ጥለው 153 ዓሣ አወጡ። እኔን ግን ቁጥሩ ሳይሆን ፍሙ ነው የሚገርመኝ። ጴጥሮስ አላውቀውም ብሎ የካደው እኮ የሊቀ ካህናቱ ግቢ ውስጥ ፍም እሳት እየሞቀ ነው። ጌታ ደግሞ ሌላ ፍም አንድዶ አጠገቡ ምሳ አበላውና ከዛ ሦስቴ ትወደኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ሦስቴ ለካደ ሦስቴ። በዳዩ እስኪመጣ ቤቱ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፣ የተበደለው ነው የሄደው።

እኔ ስመክር ንጹሕ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አምና የሰፈራችንን ቅርጫ ብር የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። አንዲት እናት አሉ ሁሌ ግማሽ መደብ የሚወስዱ፣ በዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ከተጣላን ወዲህ አንነጋገርም፣ እና ስማቸውን ዘለልኩት። ረስቼ አይደለም፣ ሆነ ብዬ ነው። እሁድ ጠዋት ሥጋው ኮባ ላይ በመደብ ተደርድሮ ዕጣ ልንጥል ስንል የልጅ ልጃቸው ሰሃን ይዞ አጥሩ ጋ መጥቶ ቆመ፣ ልከውት ይሁን በልማድ መጥቶ አላውቅም። ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። እኔ አጎንብሼ ጉበት ማካፈሌን ቀጠልኩ። ቀና ስል ልጁ ሰሃኑን ደረቱ ላይ ለጥፎ እየተመለሰ ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን አለኝ፣ እኔም አፌን ሞልቼ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን ብዬ መለስኩ።

ዘንድሮም ደብተሩ እኔ ጋ ነው። 11 ሰው ከፍሏል፣ 12ኛው መስመር ላይ የሳቸውን ስም ከሰኞ ጀምሮ ጽፌ አስቀምጫለሁ፣ በራቸውን ግን አላንኳኳሁም፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው ረቡዕ መሸ። እናንተም ደብተራችሁን አውጡና እዩት እስቲ፣ እኔ ጫማዬን እያደረግኩ ነው።