ጎራዴ ዓሣ ጣና ውስጥ አልኖረም

ስለ ጎራዴ ዓሣ በተጻፈው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ጎራዴ ዓሣ ድሮ ጣና ውስጥ ነበር፣ አሁን ጠፍቷል» የሚለው አንቀጽ ይታረም። ጎራዴ ዓሣ የምንለው ረጅምና ቀጭን ዓሣ ቤተሰቡ (ትሪኪዩሪዴ) የባሕር ነው፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት ከ40 በላይ ዝርያዎች አንዳንዱ እስከ ወንዝ አፍ ቢደርስም ሐይቅ ውስጥ የሚኖር የለም። የጠፉትም የባሕር ነበሩ፤ በስዊዘርላንድ ግላሩስ ጥቁር ድንጋይ ላይ ታትሞ የተገኘው ቅሪተ አካል ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ጣና ደግሞ ከ15,000 ዓመት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር የወለሉ ደለል ይመሰክራል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረ ዓሣ ውስጡ ቀርቶ ሊሆን አይችልም። ባሕር ዳር ገበያ ላይ ረዘም ቀጠን ያለ ዓሣ አይቶ ለተጠራጠረ ሰው መለያው አፍ ነው። ጎራዴ ዓሣ ከፊት እንደ መንጠቆ የቆለመሙ ክራንቻዎች አሉት። የጣና ነጭ ዓሣ ግን፣ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላው ዝርያ እንኳ፣ መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ያደነውን መቆራረጥ አይችልም፣ በጉሮሮው የሚያልፍ ቀጭን ዓሣ መርጦ ይውጣል። ይህ በጣም የሚደንቅ ነገር ነው፣ ጽሑፉ ስለ እሱ አንድ መስመር ቢጨምር እንዴት ጥሩ ነበር! በጅራት ብቻ መለየት ያሳስታል፦ የተለመደው ጎራዴ ዓሣ ጅራቱ ያለ ክንፍ እንደ ክር ቀጥኖ ያልቃል፣ ሌፒዶፐስ የሚባለው ዘመዱ ግን ትንሽ መንታ የጅራት ክንፍ አለው፤ ጫፉ ከተሰበረ ደግሞ ምንም አይታወቅም። ከላይ በአስተያየታቸው «ቅርፊት ከሌለው አምባዛ ነው» ላሉት ወንድሜ፦ አምባዛም ጎራዴ ዓሣም ቅርፊት የላቸውም። አምባዛን የሚለየው ጠፍጣፋ ጭንቅላቱና በአፉ ዙሪያ ያሉት 8 ጢሞች ናቸው፤ ጎራዴ ዓሣ ጢም የለውም።