የዘር ነገር

ከጎረቤቱ ጋር መስማማት ያቃተው ሰው ሦስት ምርጫ አለው፤ መታገሥ፣ መካሰስ ወይም ቤት መቀየር። የበርሊኑ መምህር በርንሃርት ፎርስተር ግን አራተኛውን ፈለሰፈ፦ አገሩን ጠቅልሎ መሄድ።

ፎርስተር አይሁዶችን አምርሮ ይጠላል። ጥላቻው የመምህርነት እንጀራውን እስከማሳጣት አድርሶታል። ሥጋ አይቀምስም፤ ለእንስሳ አንጀቱ አይችልም። የሚቸግረው ለሰው መራራቱ ላይ ነው። «ጀርመን ተበላሸች፤ ንጹሕ ጀርመን ሌላ ቦታ መመሥረት አለብን» አለና ቦታ ፍለጋ ወጣ። ዞሮ ዞሮ ንጹሕ ጀርመንን ያገኛት የት ይመስላችኋል? ፓራጓይ!

ሚስቱ ኤልሳቤት የፈላስፋው የፍሪድሪሕ ኒቼ እህት ናት። ኒቼ አማቹን በዓይኑ ማየት አይፈልግም፤ ሠርጉንም ረግጦ ቀርቷል። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ዐሥራ አራት ያህል ቤተሰብ አስከትለው ከሃምቡርግ በመርከብ ተነሡ። ፓራጓይ ከ1864 እስከ 1870 በተደረገው ጦርነት አብዛኛውን ወንዷን አጥታ ስለነበር፣ ሰው ከየትም ይምጣ እንጂ ዘሩን ለመጠየቅ ጊዜም አልነበራት። መሬት ሰጠቻቸው፤ ግን በውል ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 140 ቤተሰብ ካልሰፈረ መሬቱ ተመላሽ ይሆናል። ሰው እየመረጠ ሊያሰፍር የመጣው ፎርስተር፣ ቤተሰብ እየቆጠረ እንቅልፍ አጣ።

ከተማዋ በ1887 አጓራይ ጓሱ በሚባል ወንዝ አካባቢ ተቆረቆረች፤ ኑዌቫ ጀርማኒያ ተባለች፤ አዲሲቱ ጀርመን። የአገሬው ሰው ግን በስፓንኛ «ሄርማኒያ» ብሎ ነው የሚጠራት። መበላሸቱ ከስሟ ጀመረ ማለት ነው።

አፈሩ ሰፋሪዎቹ የለመዱትን እርሻ እሺ አላለም፤ ሙቀቱም ትንኙም አልተቻለም። ኤልሳቤት ግን ምን ገዷት! ወደ ጀርመን የምትጽፈው ሁሉ ማርና ወተት ነው። ከየቤተ ዘመዱ መቼም እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም፤ ባሕር ማዶ ሆና «እኛ ጋ ሁሉ ሙሉ ነው፤ የቀራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ» የምትል። ይህን አምኖ የሄደ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሰፋሪው በጎጆ ሲንገላታ መሪዎቹ ያማረ ቤት ውስጥ ተመቻችተው አገኛቸው። ተናዶ ተመለሰና በ1889 ገመናቸውን በመጽሐፍ ዘረገፈው። ፎርስተር በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዕዳና ጭንቀት በዝቶበት ሳን በርናርዲኖ በምትባል ከተማ ራሱን አጠፋ። ሚስቱ ይህንንም «የነርቭ ሕመም ነው» ብላ አሳመረችው። በ1893 ጠቅልላ አገሯ ገባች፤ ሰፈራውን ያስጌጠችበትን ብዕር አእምሮው በታወከው በወንድሟ ወረቀቶች ላይ አዞረችው። የሴትዮዋ ጉድ ራሱን የቻለ ወግ ስለሚወጣው እንለፈው።

የቀሩት ሰፋሪዎች ምን በሉ? ምን ጠጡ ብንል ይሻላል። በአካባቢው የርባ ማቴ የሚባል፣ ቅጠሉ እንደ ሻይ የሚጠጣ የጫካ ዛፍ አለ። ዘሩ ቢዘሩት በጄ አይልም። የማብቀል ጥበቡን ያውቁ የነበሩት ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ካህናት በ1767 ሲባረሩ ዕውቀቱም አብሮ ጠፋ፤ ፍሬው በወፍ ሆድ ካላለፈ አይበቅልም እየተባለ ይወራ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ኖይማን የተባለ የኑዌቫ ጀርማኒያ ሰፋሪ ነው ምስጢሩን መልሶ ያገኘው። ዘር ሊያስጠብቁ የመጡ ሰዎች ዘር ማብቀል ተማሩ፤ በዚህኛው እንጀራ ወጣላቸው።

ይህን ቅጠል ፓራጓያውያን በቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡት ቴሬሬ ይሉታል። ዩኔስኮም በ2020 በቅርስነት መዝግቦላቸዋል። አጠጣጡ ነው ጉዱ! ከቀንድ በተሠራ ዋንጫ ይቀዳል፤ አንዲት የብረት መምጠጫ ትሰካበታለች፤ ክብ ሠርቶ የተቀመጠው ሁሉ በዚያችው መምጠጫ በየተራ ይመጥጣል። መጀመሪያ የሚቀዳው የቅዱስ ቶማስ ድርሻ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ጉንፋን የያዘው ጎረቤት፣ ሁሉም! የመምጠጫዋን አፍ ጠርጎ የሚቀበል ካለ እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ፎርስተር ደሙ እንዳይቀላቀል ውቅያኖስ አሻግሮ ያመጣው ሕዝብ ምራቁን ሲቀላቅል ይውላል።

በመምጠጫው አላበቃም። ጋብቻው ተከተለ። ዛሬ የጀርመን ስም የተሸከመ ወርቃማ ጸጉር ልጅ ጓራኒ የተባለውን የአገሬውን ቋንቋ አቀላጥፎ ሲናገር ማየት በዚያች ከተማ ብርቅ አይደለም። ቅድመ አያቱ ሊያስተምረው ያሰበውን ጀርመንኛ ከጠየቃችሁት፣ እንደየቤተሰቡ ይለያያል።

እንግዳ ሆኖ ዙሩ ውስጥ ለሚገባ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ዋንጫውን ሲመልስ «ግራሲያስ» እንዳይል። ምስጋና መስሎት ይላታል፤ እዚያ ግን «በቃኝ፣ ከዙሩ አውጡኝ» ማለት ነው፤ ዋንጫው ዘልሎት ያልፋል። የነፎርስተር ሰዎች የልጅ ልጆች ይህቺን ቃል እስካሁን አላሏትም።