እርማት፦ እጅ በረዶ ስለነካ ካርቪንግ አይሆንም

ወንድሜ፣ «በጠንካራ ጫማ ስኖውቦርድ የሚነዳ ሰው እጁ በረዶውን ካልነካ ካርቪንግ አልገባውም» ያልከውን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ግን ስህተት ነው። የተስፋፋው እጅ በረዶ ሲነካ የሚነሳው ፎቶ ስለሚያምር ይመስለኛል። ካርቪንግ ማለት ስኖውቦርዱን፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚነዳውን ሰሌዳ፣ ሳያንሸራትቱ በጠርዙ በረዶውን እየቆረጡ መዞር ነው።

ሰሌዳውን የሚያዞረው እጅህ አይደለም። የሰሌዳው ጎን መሃል ላይ ገባ ያለ ነው። በጠርዙ ስታቆመው በክብደትህ ይለመጥና ቅስት ይሠራል፤ የሚዞረውም ያንን ቅስት ተከትሎ ነው። ፍጥነትህና የሰሌዳው ማዘንበል ሲጨምር ሰውነትህ ራሱ ወደ በረዶው ይወርዳል። እጅህ ያኔ ከነካ ይንካ። በረዶውን ፍለጋ ከወገብህ ስታጎነብስ ግን መቀመጫህ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል፣ ማዘንበሉ ይቀንሳል፣ ጠርዙም ይለቃል። ጓንትህ በረዶ ነክቷል፣ ሰሌዳው ግን እየተንሸራተተ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ጠዋት በማሽን የተስተካከለ ቁልቁለት ላይ አንድ ዙር ዙርና ቆመህ ዱካህን እይ። በቢላ የተሰነጠቀ የሚመስል ቀጭን መስመር ካየህ ካርቪንግ ነው። መጥረጊያ ያለፈበት የሚመስል ሰፊ ዱካ ከሆነ ተንሸራትተሃል፤ ክርንህ ድረስ በረዶ ቢነካህም።

የቼኳ ስኖውቦርድ ተወዳዳሪ ኤስተር ሌዴትስካ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ፣ በ2022 ደግሞ ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ በፓራለል ጃያንት ስላሎም (ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን በምልክቶች መሃል እየተጠማዘዙ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር) ወርቅ ወስዳለች። በዚያ ውድድር ለእጅ ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ የለም፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል።

ሰውነትን በረዶው ላይ ማጋደም ራሱን የቻለ ስልት መሆኑን አልክድም፣ የሚወዱትም አሉ። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ ጠርዙን ይዘው ነው የሚጋደሙት።