ለጎፈሬና ለሹሩባም የሚሆን ኤሌክትሮድ ይሠራ

ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ከዚያ ወዲህ ሞገዱን የሚቀዳው ማሽን በጣም ተሻሽሏል። ጭንቅላት ላይ የሚለጠፈው ነገር ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ዛሬም ለኢኢጂ፣ ማለትም ይህን የአንጎል ሞገድ ለሚቀዳው ምርመራ፣ የራስ ቆዳ ይፈተጋል፣ ጄል ይቀባል፣ ምልክቱን ከቆዳው የሚቀበሉት ኤሌክትሮዶች አንድ በአንድ ይለጠፋሉ። ጄሉ ሲደርቅ ንባቡ ይበላሻል። ታካሚውም የተጣበቀ ጸጉሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያለ ጄል የሚሠራ ደረቅ ኤሌክትሮድ ይህን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ከራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው ምልክት ብዙውን ጊዜ ከ100 ማይክሮቮልት አይበልጥም። ጄል ከሌለ ደግሞ በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከጥቂት ኪሎ ኦም (የተቃውሞ መለኪያ ነው) ተነስቶ መቶዎች ኪሎ ኦም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያሉ የብረት እግሮች በጸጉሩ መሃል ገብተው ቆዳውን እንዲነኩ ይደረጋል። ጠበቅ ሲደረጉ ያማሉ። ላላ ሲሉ ደግሞ ታካሚው ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ንባቡ ይረበሻል።

እኔ ለስላሳው እግር ይሻላል ባይ ነኝ። ካርቦን የተቀላቀለበት ጎማ ርካሽ ነው፣ ቆዳም አይወጋም። ተቃውሞው ከብረት ይበልጣል፤ እሱን ግን ኤሌክትሮዱ ላይ የሚገጠም ትንሽ የምልክት ማጉያ ሊሸከመው ይችላል። ችግሩን በሰው ቆዳ ላይ ከመጫን በኤሌክትሮኒክስ መፍታት ይሻላል።

የጸጉር ነገር ደግሞ አለ። ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ጸጉር ኤሌክትሮዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው አርኔል ኤቲየንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥሩ መፍትሔ አሳይተዋል። ጸጉሩ ኤሌክትሮዶቹ በሚያርፉባቸው መስመሮች ልክ ይሠራል፤ ቆዳው ይገለጣል፤ ኤሌክትሮዱን ራሱ ሹሩባው ደግፎ ይይዘዋል። እኛ አገር ይህን የሚችል እጅ በየሰፈሩ አለ።

በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሚጥል በሽታ ጋር ይኖራሉ። 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። ኢኢጂ በጣም የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው። የኤሌክትሮድ ዋጋም መታሰብ ያለበት በእነሱ አቅም ነው።

የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይህን ርዕስ ቢይዙት ደስ ይለኛል። ሙከራውን ከመጀመሪያው ቀን ጎፈሬና ሹሩባ ባላቸው ሰዎች ላይ ያድርጉት። ውጤቱን ሲያሳትሙም በየጸጉሩ ዓይነት ለይተው ያስቀምጡት። መሣሪያ የሚገዙ ሆስፒታሎችም ሻጩን ይህንኑ መረጃ ይጠይቁት።